የጦጣዋና የዛጎሉ ሙግት

ስማዳ ቆላ መምህር ሆኜ ተመድቤ ስወርድ እናቴ ዘመቻ እንደሚሄድ ሰው አለቀሰችልኝ። እኔ ግን በደስታ የምይዘው የምጨብጠው ጠፍቶኝ ነበር። ያደግሁት ከንፋስ መውጫ በላይ፣ ከገብስና ከብርድ በቀር ብዙ ነገር በማይታይበት ደጋ ነው። ቆላ ማለት ለእኔ ቀን በሸሚዝ ብቻ የሚኬድበት፣ ማሽላው ከሰው ቁመት የሚበልጥበት፣ በዛፉ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር የሚንቀሳቀስበት አገር ነበር። ባዮሎጂ የተማርኩት ከመጽሐፍና ከጥቁር ሰሌዳ ነው። አሁን ግን ያ ሁሉ በሥዕል ያየሁት ፍጥረት እግሬ ሥር ሊርመሰመስልኝ ነው ብዬ ጓጓሁ። ተፈጥሮዬ እንዲህ ነው፤ ቶሎ እግላለሁ፣ ቶሎ አወራለሁ፣ የማስበው ከዚያ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ፍጥረት የመጣው ግን በእግሬ ሥር ሳይሆን በራሴ በኩል ነው። የተከራየሁት ቤት በር ላይ ጎንበስ ስል አንዲት ድመት የምታክል ጦጣ ከጣሪያው ዘልላ ትከሻዬ ላይ ጉብ አለች። ፊቷ ጥቁር፣ ፀጉሯ ግራጫ፣ ጣቶቿ የሕፃን ልጅ ጣት ናቸው። ፀጉሬን ገለጥ ገለጥ እያደረገች ፈተሸችኝና ከደረት ኪሴ እስክሪብቶዬን መዝዛ ጣሪያው ላይ ተመልሳ ወጣች።

"አይዞህ ልጄ፣ ቅማል ፈልጋልህ ነው። ወዳሃለች ማለት ነው" አሉኝ አከራዬ ከጓሮ እየሳቁ ሲመጡ። "እስክሪብቶውንም ሲሰለቻት ትጥለዋለች።"

እስክሪብቶዬን እስካሁን አላየሁትም።

አከራዬ ባላቸው ከሞቱባቸው ብዙ ዓመት የሆናቸው፣ ልጆቻቸው ሥራ ፍለጋ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ መተማ የሄዱባቸው ሴት ነበሩ። እትዬ እላቸው ነበር። ጦጣዋን ያገኟት ማሽላቸው ውስጥ ነው። ውሾች እናቷን ገድለዋት፣ ግልገሏ የሞተች እናቷ ሆድ ላይ እንደተጣበቀች ነበረች። እትዬ ከሬሳው ሲያላቅቋት ወዲያው እሳቸው ላይ ተጣበቀች። በመቀነታቸው ሆዳቸው ላይ አስረው፣ ጨርቅ ወተት ውስጥ እየነከሩ እያጠቡ አሳደጓት።

"ቤተ ክርስቲያን ስሳለም ብቻ ነበር ከላዬ የምትወርደው" አሉኝ። "ያን ጊዜም ከቅጥሩ ውጭ ሆና ትጠብቀኝ ነበር። መምሬ ግን ዓይናቸው አልወደዳትም።"

እውነቱን ለመናገር የእኔም ዓይን አልወደዳትም። ሳሙናዬን ትወስዳለች። ጠመኔዬን ትቆረጥማለች። አንድ ቀን የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት አርሜ ጠረጴዛ ላይ ትቼው ብወጣ፣ ተመልሼ ስገባ ግማሹ ወረቀት መሬት ላይ ተበትኗል፣ እሷ ደግሞ በቀሩት ላይ ተቀምጣ ቀይ ቀለም የነካ ጣቷን ትልሳለች። እትዬ ይህን ሲሰሙ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እኔ ግን በዚያ ቤት ከጦጣዋ ጋር እኩል የምቆምበት አንድ ነገር እንደሚያስፈልገኝ ተረዳሁ፤ ኅዳር ላይ አገኘሁት።

ቅዳሜ ነበር፤ ልብሴን ላጥብ ወንዝ ወርጃለሁ። ወደ በሽሎ የሚወርደው ይህ ወንዝ ክረምት ላይ ዛፍ ነቅሎ የሚሄድ ነው። በበጋ ግን ይጎድልና እዚህም እዚያም ኩሬ ሠርቶ ይቀራል። ሱሪዬን ሰብስቤ አንዱ ኩሬ ውስጥ ስቆም ከእግሬ ሥር የሆነ ለስላሳ ድንጋይ ሸርተት አለ። ጎንበስ ብዬ አወጣሁት። ድንጋይ አይደለም! ጥቁር ቡናማ ነው፣ የመዳፌን ግማሽ ያህላል፣ ከጀርባው የተያያዙ ሁለት ክዳኖች አሉት። በክዳኖቹ መካከል ወጥታ የነበረች ምላስ የመሰለች ነጭ ነገር እያየኋት ሹልክ ብላ ገባችና ክዳኖቹ ግጥም አሉ።

"ዛጎል!" ብዬ ጮህኩ። "የወንዝ ዛጎል! ነፍስ ያለው!"

ትንሽ ዝቅ ብለው ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ነበሩ። አንዷ እባብ የነደፈኝ መስሏት እጇ ላይ አረፋ እንዳለ ሮጣ መጣች። የያዝኩትን አሳየኋት።

"እሱን ነው እንዴ?" አለችኝ። "እዚህ እኮ ሞልቷል። ይበላል?"

"አይበላም።"

"ታዲያ ምን ያስጮህሃል?"

ምን እንደሚያስጮኸኝ ባስረዳት ደስ ይለኝ ነበር፤ እሷ ግን ወደ ልብሷ ተመለሰች። እኔ ልብሴን ማጠቡን ትቼ ሁለት ዛጎሎች ከነአሸዋቸው በሳፋ ያዝኩ። ውሃውን የቀዳሁት ሆን ብዬ ከብት ከሚጠጣበት፣ ቡና ከመሰለው ኩሬ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ፍጥረት ጭንቅላት የለውም፣ ዓይን የለውም፣ ጥርስ የለውም። በአንድ ቀዳዳ ውሃ ያስገባል፣ በሌላው ያስወጣል፤ በመካከሉ ምግቡን ለቅሞ ያስቀራል፣ ቆሻሻውን ጠቅልሎ ወደ ታች ይጥለዋል። ይህን ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። በዓይኔ አይቼው ግን አላውቅም ነበር።

ሳፋውን ቤት አግብቼ ጥግ አስቀመጥኩት። በማግስቱ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጎንበስ ብዬ ባየው ክው አልኩ። ሳፋው ሥር የተሣለችው ቀይ አበባ ቁልጭ ብላ ትታያለች! ማታ ጣቴን ብነክር የማይታየኝ ውሃ ጠርቶ፣ ሁለቱ ዛጎሎች አፋቸውን ትንሽ ከፈት አድርገው አሸዋው ላይ ተቀምጠዋል።

"እትዬ! እትዬ! ይምጡ! በሞቴ ይምጡ!"

እትዬ ነጠላቸውን ሳያወልቁ መጡና አዩ። "ማን አጠራው?"

"እነሱ ናቸው!"

"እነዚህ ድንጋዮች?" አማተቡ። ቀጥለው ተቀመጡና ረጅም ጊዜ ተመለከቷቸው። "ዓይን የላቸውም?"

"የላቸውም።"

"እጅስ?"

"የላቸውም።"

"ወይ እነሱ! እንዴት ያሳዝናሉ።"

እኔን የደነቀኝ ነገር እሳቸውን ማሳዘኑ አናደደኝ፤ ሙግታችንም የተጀመረው ያን ዕለት ነው። ማታ ማታ ራት ስንበላ እሳቸው ለጦጣቸው፣ እኔ ለዛጎሌ እንከራከር ጀመር። "ያንተ ድንጋይ ስትጠራው ይመጣል?" ይሉኛል። "የእርስዎስ ጦጣ ውሃ ታጠራለች?" እላለሁ። "የኔዋ ስታመም ግንባሬን ትዳብሰኛለች" ይላሉ። "የእኔ ቢያንስ ሳሙና አይሰርቅም" እላለሁ። ጦጣዋ ራሷ መቼም ነገር አይቀራትም፣ አንድ ቀን ሳፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጣቷን በዛጎሉ ክዳኖች መካከል ሰደደች። ዛጎሉ ግጥም አለ። እንዲህ ያለ ጩኸት ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም! ዛጎሉን ጣቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ቤቱን ሦስት ጊዜ ዞረች፣ ሳፋውን ደፋች፣ በመጨረሻ እትዬ ነጠላ ውስጥ ገብታ ተደበቀች። እኔ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። እትዬ ዛጎሉን ቀስ ብለው አላቅቀው ጣቷን እፍ እያሉ፣ "ይሄ ዓይን የሌለው! ምን አደረገችህ?" ብለው ተቆጡት።

ከአጥሩ ማዶ የባላቸው ታናሽ ወንድም ይኖር ነበር። ጋሼ እለዋለሁ፤ ሙግት የሚወድ፣ ሙግትም የሚያምርበት ሰው ነው። በአካባቢው ሰው ከሰው ሲጣላ ሽማግሌ ፊት ከመቅረቡ በፊት እሱን ነው የሚያማክረው። ስለ ዛጎሉ ሰምቶ አንድ እሁድ ጠላ ሊጠጣ መጣ። ሳፋውን ዞሮ አየ፣ ጠየቀኝ። እኔ ጠያቂ ካገኘሁ ማን ይችለኛል! እጅ የለውም፣ ዓይን የለውም፣ የማንንም አይነካ፣ ቆሻሻ በልቶ ንጹሕ ይመልሳል እያልኩ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። አንገቱን እየነቀነቀ፣ "ወይ ጨዋ! ወይ ጨዋ!" እያለ ያዳምጠኛል። ምላሴን በቆረጠው ኖሮ።

ታኅሣሥ ገባ፣ ሽምብራው እሸት ሆነ። ጋሼ ከሽምብራ ማሳው ዳር የሚያስረው በዙሪያው ስሙ የወጣ ውሻ ነበረው። ጦጣ ቀርቶ የጦጣ ጥላ ካየ የሚያብድ ውሻ ነበር ይባላል። ነበር ነው እንጂ አሁንማ የእትዬ ጦጣ ወዳጁ ሆናለች። ቀን ቀን እየሄደች ጀርባው ላይ ትቀመጣለች፣ ጆሮውን ገልጣ መዥገር ትለቅምለታለች፣ እሱም ዓይኑን ጨፍኖ ይጋደማል። እኛ ይህን እያየን እንስቅ ነበር። የሚያመጣውን ማን አሰበ?

አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ የዱር ጦጦች ከገደሉ መንጋ ሆነው ወረዱ። ውሻው ተነሣ። ጭራውን ቆላ። ከዚያም መዥገር እንዲለቅሙለት በጎኑ ተጋደመላቸው። የሩቅ ሰው አይቶ ጮሆ ሰው እስኪደርስ የሽምብራው ግማሽ ተነቅሏል።

ጋሼ ማታ ወደ እትዬ ቤት መጣ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። እሱ ግን በሩ ላይ ቆሞ በለሰለሰ ድምፅ፣ "እትዬ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ዋርካው ሥር እንገናኝ። ከእርስዎ ጋር ጠብ የለኝም። ጦጣዋ ግን ከዚህ አገር ትውጣ ወይም ትሙት፤ ለዚህ ነው የምከራከረው" ብሎ ሄደ። እትዬ ጦጣዋን ነጠላቸው ውስጥ አስገቧት። ራት አልቀረበም።

እሁድ ዋርካው ሥር ሕዝቡ እንደ ገበያ ተሰብስቧል። ጦጣ የምትከሰስበት ቀን ማን ይቀራል? ሦስት ሽማግሌዎች ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ የመካከለኛው በዕድሜ የገፉ፣ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ተደግፈው የሚያዳምጡ ናቸው። እትዬ ፊት ለፊት መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ጦጣዋ ሆዳቸው ላይ ተጣብቃ ከነጠላው ውስጥ በአንድ ዓይኗ ታያለች።

ጋሼ ጋቢውን ወደ ትከሻው ጣል አድርጎ ዱላውን ይዞ ቆመ። ሲቆም ሌላ ሰው ሆነ። ያ ድሮ በላ ልበልሃ ሲባል በወሬ ብቻ የሰማሁት የአደባባይ ሙግት በዓይኔ ሊታየኝ ነው ብዬ የማን ወገን መሆኔን እስክረሳ ድረስ ደስ አለኝ።

"ዳኞቼ!" አለ። "ሽምብራዬን በላች አልልም። የበሉት የዱሮቹ ናቸው። እኔ የምከሰው ውሻዬን አበላሸችብኝ ብዬ ነው! ጦጣ የሚያባርር ውሻ ነበረኝ፤ ዛሬ ጦጣ ሲያይ ጭራውን ይቆላል። ይህን ባላስረዳ ማር እሰጥ!"

ሰዉ ሳቀ። እትዬ ቀና ብለው፣ "ውሻህን ሰው ያልሰጠውን ፍቅር ሰጠችው እንጂ ምን አደረገችው?" አሉ። ሳቁ ወደ እሳቸው ዞረ፤ እኔም ልቤ ተረጋጋ። ጋሼ ግን እስኪበርድ ጠበቀና ቀጠለ።

"ዳኞቼ፣ በዚያ ቤት ሁለት ዓይነት ፍጥረት ይኖራል። አንዱ የመምህሩ ነው፣ አንዷ የእትዬ ናት። እናወዳድራቸው! የመምህሩ ዓይን የለውም፤ የሰው እህል አይቶ አይመኝም። እጅ የለውም፤ አይሰርቅም። እግር የለውም፤ አጥር አይዘልም። ጭቃ ይበላል፤ ጭቃ በልቶ ንጹሕ ውሃ ይመልሳል። የእትዬ ጦጣ ግን ንጹሕ እህል በልታ የምትመልሰውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ!"

ዋርካው ሥር የነበረው ሰው ሁሉ በሳቅ ተንከተከተ። ጋሼ ዱላውን ወደ እኔ ቀሰረ።

"ይህን የነገሩኝ መምህሩ ራሳቸው ናቸው። ምስክሬ እሳቸው ናቸው!"

እትዬ ዞረው አዩኝ። አልተቆጡም፤ ጦጣዋን ብቻ ጠበቅ አደረጓት። ጦጣዋ ልትገደል የደረሰችው በእኔ ወሬ ነው። ያን ጊዜ ሳላስበው ብድግ አልኩና፣

"እኔም ማር እሰጥ!" ብዬ ጮህኩ።

ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። 'ብረታ ማር እከፍላለሁ' የሚለውን ይህን የውርርድ ቃል የደጋ ልጅ በጨዋታ ነው የሚያውቀው፤ ሲቀልድ ይለዋል፣ ሰውም ስቆ ያልፈዋል። እዚህ ግን ዳኛ ፊት ቆሞ ያለው ሰው ከምስክርነት ወጥቶ ተሟጋች ሆነ ማለት ነው። ወደ ኋላ የለም። ሽማግሌው ከዘራቸውን አንሥተው፣ "በል መምህር፣ ስለ ጦጣዋ ገብተሃልና ቁምና ተናገር" አሉኝ።

ስለ ጦጣ የማውቀው ሳሙና እንደምትወድ ብቻ ነው። ወደ እትዬ ሳይ ጦጣዋ ዓይኗን ጨፍና፣ አራቱንም እጅና እግሯን ቀሚሳቸው ላይ ተክላ ተጣብቃለች። ያን ጊዜ ከሸመደድኩት ውስጥ አንድ ገጽ ድንገት ተገለጠልኝ።

"ዳኞቼ" አልኩ። "ጋሼ ያለው ሁሉ እውነት ነው። እኔ ነኝ የነገርኩት። ግን ያልነገርኩት አለ።"

"ያልነገሩትን ይንገሩን!" አለ ጋሼ። እውነትም ጓጉቶ ነበር።

"ዛጎል ሲወለድ ጨዋ አይደለም። ሲወለድ ከአሸዋ ቅንጣት ያነሰ ነው። ወንዙን ታውቁታላችሁ፤ ብቻውን ቢተው እስከ በሽሎ ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ዓሣ ሲያልፍ ጠብቆ ይጣበቅበታል! ከጉንጩ ሥር፣ በሚተነፍስበት ቦታ ገብቶ ይነክሰዋል። ከዓሣው ገላ እየበላ ነው የሚያድገው። ዓሣው አልጠራውም፣ ለዓሣውም አይጠቅመውም። ግን ይሸከመዋል።"

ሰዉ አንገቱን አሰገገ። አሁን ማን ሊያቆመኝ!

"ያ ዛሬ የምታመሰግኑት ጨዋ የሌላ ገላ ላይ ተጣብቆ ያደገ ነው! ዓሣው 'ሌባ ነህ፣ ውረድ' ብሎት ቢሆን ኖሮ የእኔ ሳፋ ዛሬም ጭቃ ነበር። ጋሼ ያደገውን ዛጎል ካላደገች ጦጣ ጋር ነው ያወዳደረው። ይህ ትክክል አይደለም! ሕፃንን ከሕፃን እናወዳድር። ሁለቱም ተጣባቂ ናቸው፣ ሁለቱም ያስቸግራሉ። እትዬ እንደ ዓሣው ተሸከሙ እንጂ ምን አጠፉ?"

"እትዬ ዓሣ!" ብሎ አንዱ ከኋላ ጮኸ፤ ዋርካው ሥር እንደገና በሳቅ ተናወጠ። እትዬም ሳቁ፣ እንባቸውንም ጠረጉ። ጋሼ ጭንቅላቱን ነቀነቀልኝ፤ ጥሩ ሙግት የሚወድ ሰው ተቃዋሚውም ሲያምርበት ደስ ይለዋል። እኔ አሸነፍኩ ብዬ በደስታ ልበር ደርሼ ነበር።

ሽማግሌው ግን አልሳቁም። "መምህር" አሉኝ። "ያ ዛጎል ከዓሣው ላይ ይወርዳል ወይስ እንደተጣበቀ ይቀራል?"

"ይወርዳል፣ አባቴ።"

"መቼ?"

"ራሱን ሲችል።"

"ዓሣው አይይዘውም?"

መልሱ ወዴት እንደሚወስደኝ አየሁ፤ ግን መዋሸት አልቻልኩም። "አይይዘውም" አልኩ።

ሽማግሌው ወደ እትዬ ዞሩ። "ሰማሽ፣ ልጄ? አትሙት ብለናል። ግን ትውረድ። እስከ ፋሲካ ጊዜ ሰጥተንሻል፤ ወደ ዘመዶቿ መልሻት።" ከዚያ ወደ እኛ ዞረው፣ "እናንተ ሁለታችሁም ማሩን አምጡ፤ ሁለታችሁም ረትታችኋል፣ ሁለታችሁም ተረትታችኋል" አሉ። ሰዉ ተደሰተ። ማሩን ግን እኔና ጋሼ እንጂ እትዬ ሲቀምሱ አላየኋቸውም።

ወደ ቤት ስንመለስ ጋሼ ከኋላችን ደረሰ። ሙግቱ አልቋል፤ ድምፁም የዘመድ ድምፅ ሆኗል።

"እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ" አለ። "ጦጣዋ ሰው አትፈራም። ሰው የማትፈራ ጦጣ ዱር ብትገባ ብዙ አትቆይም። ሌሎቹ ሰው ሲያዩ ይሮጣሉ፤ እሷ ወንጭፍ የያዘው ጋ ሄዳ ትከሻው ላይ ልውጣ ትላለች። ከመልቀቅዎ በፊት በድንጋይ ያስፈራሯት። ካልሆነ ያገኛት ሁሉ ይገድላታል።"

"እኔ?" አሉ እትዬ። "በዚህ እጄ? እጄን ይቁረጠው።"

"እንግዲያ እኔ ላስፈራራት።"

"አንተማ ብትመታት እኔ ጋ ነው ሮጣ የምትመጣው" አሉት። እውነት ነበር።

ያን በጋ እትዬ በየቀኑ ወንዝ እየወረዱ ከገደሉ አጠገብ መንጋው ከሚያድርባቸው ዛፎች ሥር ይቀመጡ ነበር። እኔም ከትምህርት ቤት ስወጣ እሄዳለሁ። መጀመሪያ ጦጣዋ ከጭናቸው አልወርድም አለች። ቀጥሎ ዝቅተኛው ቅርንጫፍ ላይ ወጥታ መንጋውን እያየች፣ በየመካከሉ እየወረደች እትዬን ነክታ ትመለሳለች። አንድ ቀን አንዲት ትልቅ ጦጣ ጠጋ ብላ ጀርባዋን ገለጥ ገለጥ አድርጋ ቅማል ፈለገችላት። "ወደዷት! አየህ፣ ወደዷት!" ብለው እትዬ ክንዴን ሊገነጥሉት ደረሱ። እኔም ከእሳቸው በላይ ጮህኩ። ለፋሲካ ሳምንት ሲቀረው ከመንጋው ጋር እዚያው አደረች። በማግስቱም አልመጣችም። እትዬ ወደ ቤት ሲመለሱ ትከሻቸው ባዶ ሆኖ ሳለ ወደ አንድ ወገን አዘንብለው ነበር የሚሄዱት፤ እኔ እስክነግራቸው እሳቸው አላወቁትም።

ድንጋይ ግን አንድም ቀን አልወረወሩም። ጋሼ ባገኛቸው ቁጥር ይጠይቃቸዋል፤ እሳቸው ወሬ ይለውጣሉ። ክረምት መጣ፣ ሄደ። ማዶ ባለው መንደር ጦጣ ተገደለች የሚል ወሬ በተሰማ ቁጥር እትዬ፣ "ትልቅ ናት ትንሽ?" ይላሉ። ትልቅ ናት እስኪባሉ እህል አይቀምሱም።

በዓመቱ ታኅሣሥ የእትዬ የራሳቸው ሽምብራ እሸት ሆኖ ነበር። እኔ ቅዳሜ ስለሆነ አብሬያቸው ማሳው ዳር ተቀምጬ እሸት እየፈለፈልን እንጨዋወታለን። ጦጦቹ ወረዱ። እትዬ ተነሥተው፣ "ሃይ! ሃይ!" ብለው እጃቸውን አጨበጨቡ፣ መንጋው በአንድ ጊዜ ድብልቅልቁ ወጥቶ ወደ ገደሉ ሮጠ።

አንዷ አልሮጠችም። ሽምብራ ከነሥሩ በእጇ ይዛ ማሳው መካከል ተቀምጣለች። አድጋለች፣ ፀጉሯም አምሯል። ወደ እትዬ ተመለከተች። ከዚያም ሽምብራዋን ጥላ ቀስ እያለች መምጣት ጀመረች።

"እሷ ናት!" አልኩ። "እትዬ፣ እሷ ናት!"

እትዬ እጃቸውን ዘረጉ። ዘርግተው ሳለ ከበላይ ጩኸት ሰማን። ከላይኛው ማሳ ሰዎች ወንጭፋቸውን እያዞሩ ቁልቁል ይሮጣሉ፤ ጋሼ ከፊት ነው፣ ከኋላው የምናውቃቸውም የማናውቃቸውም አሉ። ሩቅ ናቸው፤ ለእነሱ ማሳ መካከል የቆመች አንዲት ጦጣ ናት። እትዬ ወደ እነሱ አዩ። ወደ ጦጣዋ አዩ። የተዘረጋው እጃቸው ወደ መሬት ወርዶ ድንጋይ አነሣ።

ወረወሩ። ድንጋዩ ፊት ለፊቷ ወደቀ። ጦጣዋ ቆመች፣ አነሣችው፣ አሸተተችው። የሰጧት መስሏት ነው። ይዛው መምጣቷን ቀጠለች።

"ሂጂ!" አሉ እትዬ፤ እንዲህ ያለ ድምፅ ከእሳቸው ሰምቼ አላውቅም። "ሂጂ ከዚህ! ሌባ!" ሁለተኛውን ወረወሩ፤ ጎኗን አገኛት። ጦጣዋ ጮኸች። ቁጭ ብላ ጎኗን ይዛ አየቻቸው። ቆይታ አየቻቸው። እትዬ ሦስተኛውን አነሡ፣ ወረወሩት።

ሮጠች። ሽምብራውን አቋርጣ፣ ድንጋዩን ዘልላ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳትዞር ሮጣ ገደሉ ውስጥ ገባች።

"ሮጠች!" አሉኝ እትዬ ሁለት ትከሻዬን ይዘው እየወዘወዙ። "አየሃት ልጄ? ሮጠች እኮ!" እኔም "ሮጠች! ሮጠች!" እያልኩ እዘላለሁ፤ እየሳቅሁ ይሁን እያለቀስኩ አላውቀውም። እትዬ ወደ ገደሉ ዞረው እልል አሉ። ሁለተኛውን እልልታ ሊጨምሩ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ አልወጣላቸውም።

ጋሼ እያለከለከ ደረሰ። ወንጭፉ እጁ ላይ ተንጠልጥሏል። እልልታውን ሰምቶ ግራ ተጋብቷል።

"እትዬ፣ ምን ደስታ ተገኘ?"

"ልጄ ፈራችኝ" አሉት።